ስሙን ማን ያወጣዋል? መቼስ?

ባለፉት ዓመታት በማታው ክፍል ሊኑክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ሙያው የማይመለከታችሁ ወዳጆቼም እስከ መጨረሻው ብታነቡት አትከስሩም፤ ነገሩ የሰርቨር ብቻ ሳይሆን የሰው እንጀራም ጉዳይ ነው።

በኢንቦክስ ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች መካከል እየደጋገመ የሚመላለስ አንድ አለ። አጻጻፉ ቢለያይም ፍሬ ነገሩ ያው ነው፦ «ጋሼ፣ አንሲብል ላይ የፋይሉን ስም በቫሪያብል ሰጥቼዋለሁ። ፋይሉ እዚያው ቁጭ ብሎ እያየሁት አላገኘሁትም ይለኛል።» የባሰው ደግሞ እንዲህ የሚለው ነው፦ «ጋሼ፣ ምንም ስህተት አላሳየኝም። ግን የተሠራ ነገርም የለም።»

ለማታውቁት ባጭሩ፦ አንሲብል ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ ሆኖ የሚያዘጋጅ መሣሪያ ነው። ማይክል ዴሃን የሚባል ባለሙያ በ2012 አወጣው፤ በ2015 ሬድ ሃት ገዛው። እያንዳንዱ ሰርቨር ላይ እየገባችሁ በእጅ ከመሥራት ይልቅ የምትፈልጉትን ሁኔታ በጽሑፍ ታስቀምጣላችሁ። ጽሑፉ ፕሌይቡክ ይባላል። አንሲብል በኤስኤስኤች እየገባ የተጻፈውን ይፈጽማል።

ሰርቨሮቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ኡቡንቱ ነው፣ ሌላው ከሬድ ሃት ወገን ነው፤ የፓኬጅ ስማቸውም የፋይል ቦታቸውም ይለያያል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዓይነት የራሱን ፋይል እናዘጋጅና «የሰርቨሩን ስም አይተህ፣ በስሙ የተጠራውን ፋይል አምጣ» እንለዋለን። ድግስ ያሰናዳ ሰው ይገባዋል፦ እንግዳው ጾመኛ ከሆነ የጾሙን፣ ካልሆነ የፍስኩን ታቀርባላችሁ። ትሪው የሚመረጠው እንግዳው ታይቶ ነው። ጥሩ ዘዴ ነው። ችግሩ ሲመጣ ግን ብዙ ሰው የሚፈልገው የተሳሳተ ቦታ ነው። ፋይሉን ይከፍታል፣ ክፍተቱን ይቆጥራል፣ ያምሉን ያስተካክላል። ፋይሉ ግን ጤነኛ ነው። የታመመው ስሙ ነው።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። እዚህ ሥራ ላይ መልአክ የለም፤ ስለዚህ ሦስት ነገር መጠየቅ ግድ ነው። ስሙ የሚወጣው መቼ ነው? ያወጣው ማን ነው? የወጣውስ ስም በትክክል የትኛው ነው? እነዚህን ሦስቱን በቅደም ተከተል የጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ መልሱን ያገኛል።

1. መቼ?

አንሲብል ሌላ ፋይል የሚያስገባበት ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ኢምፖርት ታስክስ ነው፣ ሌላው ኢንክሉድ ታስክስ። ድሮ ኢንክሉድ የሚባል አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር፤ በ2017 በወጣው 2.4 ስሪት ለሁለት ተከፈለ። አሮጌው ኢንክሉድ በ2023 በወጣው የአንሲብል ኮር 2.16 ላይ ጭራሹን ተነሣ። ዩቲዩብ ላይ ግን አሁንም የድሮውን የሚያሳዩ ትምህርቶች ሞልተዋል፤ ከነሱ የምትገለብጡ ተጠንቀቁ።

ልዩነታቸው የጊዜ ነው። ኢምፖርት የሚፈጸመው ፕሌይቡኩ ገና ሲነበብ ነው፤ አንሲብል አንድም ሰርቨር ከማነጋገሩ በፊት። ኢንክሉድ ግን ሥራው ተጀምሮ ተራው ሲደርስ፣ ለእያንዳንዱ ሰርቨር ለየብቻ ይፈጸማል።

አሁን አስቡት። የፋይሉ ስም «የዚህ ሰርቨር ሊኑክስ ምንድን ነው?» በሚል ቫሪያብል የተሠራ ከሆነ መልሱ የሚታወቀው ሰርቨሩ ከተጠየቀ በኋላ ነው። ኢምፖርት ደግሞ ማንም ሳይጠየቅ ነው ስሙን የሚፈልገው። በእኛ ባህል ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። በ20ኛው ቀን ሄዳችሁ «የክርስትና ስሙ ማነው?» ብትሉ እናቱም አታውቀውም። ልጁ የለም ማለት አይደለም፣ እናቱም አልዋሸችም። ጠያቂው ቀድሞ መጥቶ ነው እንጂ።

ስለዚህ ለኢምፖርት በፋይል ስም ውስጥ መግባት የሚችለው ቀድሞ የታወቀ ነገር ብቻ ነው፦ በትእዛዝ መስመሩ የሰጣችሁት፣ ወይም እዚያው ፕሌይ ላይ የጻፋችሁት። ከሰርቨሩ የሚሰበሰብ ፋክት ወይም ኢንቬንቶሪ ውስጥ ያለ ዋጋ አይሆንም። ስሙ ከሰርቨር ሰርቨር የሚለያይ ከሆነ መልሱ ኢንክሉድ ነው።

ግን ኢንክሉድም ዋጋ ያስከፍላል። የታስኮቹን ዝርዝር አሳየኝ ብትሉት በውስጡ ያሉትን አያሳያችሁም፤ ገና አልተከፈተማ! ኢንክሉዱ ላይ የለጠፋችሁት ታግ ውስጥ ወዳሉት ታስኮች አይወርድም። «ባክአፕ የሚል ታግ ያላቸውን ብቻ አስኪድ» ስትሉ ፋይሉ ይከፈታል፣ ውስጡ ያሉት ግን ታግ ስለሌላቸው አንዳቸውም አይሠሩም። ስህተት የሚል ቃል አይታይም። እንዲወርድ ከፈለጋችሁ አፕላይ በሚለው ቃል በግልጽ መንገር አለባችሁ። በኢምፖርት በኩል ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ «እንዲህ ከሆነ ብቻ» ብላችሁ የሰጣችሁት ቅድመ ሁኔታ በእያንዳንዱ ታስክ ላይ ይገለበጣል። መካከል ላይ አንድ ታስክ ያንን ቫሪያብል ከቀየረው የቀሩት ይዘለላሉ። ሥራው ግማሽ ላይ ይቀራል።

«ጋሼ፣ ኢንክሉድ አድርጌውም አልታወቀም ይለኛል» የምትሉ ደግሞ ፕሌይቡኩን ከላይ ተመልከቱት። ለፍጥነት ብሎ ፋክት መሰብሰቡን ያጠፋ ሰው አይጠፋም። ያልተጠየቀ ሰርቨር ስሙን አይናገርም።

2. ማን?

ሁለተኛው ጥያቄ ዋጋውን የሰጠው ማን እንደሆነ ነው። አንድ ቫሪያብል በብዙ ቦታ ሊጻፍ ይችላል፤ የአንሲብል መመሪያ የቅድሚያ ደረጃዎቹን ከ1 እስከ 22 ይዘረዝራል። የሮል ዲፎልት ከታች ነው። በትእዛዝ መስመር የሚሰጠው ከሁሉም በላይ 22ኛ ነው። ኢንክሉድ ቫርስ፣ ማለትም ቫሪያብሎችን ከፋይል የሚጭነው፣ 18ኛ ነው።

ይህች 18 የምትባል ቁጥር ብዙ ሰው አስለቅሳለች። ኢንቬንቶሪ ውስጥ ለአንድ ሰርቨር ብቻ ብላችሁ በጥንቃቄ የጻፋችሁት ዋጋ ከሷ በታች ነው። እናንተ «ለዚህ ሰርቨር ፖርቱ ይህ ይሁን» ትላላችሁ፤ ሮሉ ደግሞ ለኡቡንቱ የተዘጋጀውን ፋይል ሲጭን የእናንተን ይሽረዋል። ደጋግማችሁ ኢንቬንቶሪውን ብታርሙት ለውጥ የለም። የቀበሌ ደብዳቤ ይዞ የሚኒስቴር መመሪያ እንደ መሻር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በስርዓተ ክወና በሚመረጠው ፋይል ውስጥ ሰው ሊቀይረው የሚገባውን ነገር አታስቀምጡ። እዚያ የሚቀመጠው የፓኬጅ ስምና የፋይል መንገድ ዓይነት፣ ማንም ሊከራከርበት የማይገባ ነገር ነው።

3. የትኛው?

ሦስተኛው ስሙ ራሱ ነው። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለም፤ ለዚህ ይሆናል የላቲኑን ካፒታልና ስሞል ዓይናችን ቶሎ የማይለየው። አንሲብል ሬድ ሃትን ሲጠራ «አር» እና «ኤች» ካፒታል ናቸው። ፋይሉን በስሞል ብቻ ከጠራችሁት ሊኑክስ ላይ ሌላ ፋይል ነው። ማክ ላይ ግን እንደተለመደው ከተተወ ልዩነት አያደርግም። ስለዚህ ከማክ ስታስኬዱት ይሠራል፣ ከሊኑክስ ሲኬድ ይወድቃል፤ ከዚያ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚባለው ክርክር ይነሣል። ለሰው ጆሮ «ዓለሙ» እና «አለሙ» አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው ነው። ባንክ ሄዶ በዓይኑ «ዐ» ምክንያት የተመለሰ ሰው ይህንን ለማስረዳት እኔን አይፈልግም።

ደግሞ አስታውሱ፦ ስሙ የሚመጣው ከሩቁ ሰርቨር ነው፣ ፋይሉ የሚፈለገው ግን አንሲብል የሚሠራበት ማሽን ላይ ነው። ፋይሉን ሰርቨሩ ላይ ገብተው የሚፈልጉ አይቻለሁ። ፋይል ሲጠፋ አንሲብል «እዚህ እዚህ ፈለግሁ» ብሎ የፈለገባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ያንን ዝርዝር አንብቡት! ብዙዎቻችሁ የመጀመሪያውን ቀይ መስመር አይታችሁ ስክሪንሾት ትልኩልኛላችሁ፤ መልሱ ግን ከታቹ ባለው መስመር ላይ ተጽፏል። የቫሪያብል ፋይል በሮሉ የቫርስ ፎልደር፣ የታስክ ፋይል በታስክስ ፎልደር ነው የሚፈለገው። አንዱን በሌላው ቤት ያስቀመጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ይፈልጋል።

አሁን ወደ እንጀራው ጉዳይ ልምጣ። ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምጽፈው፤ ስሟንም የመሥሪያ ቤቷንም አልናገርም።

አንዲት የድሮ ተማሪዬ አንድ ቅዳሜ ማታ ደወለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ሰርቨሮቹን ከሴንትኦኤስ 7 ወደ ሮኪ ሊኑክስ እያዛወረ ነበር፤ የሴንትኦኤስ 7 ድጋፍ በፈረንጆቹ ጁን 30 ቀን 2024 አብቅቷልና። አዲሶቹን አምስት ሰርቨሮች በፕሌይቡኩ ያዘጋጀችው እሷ ናት። ከሰባት ሳምንት በኋላ አንዱ ሰርቨር ላይ ያለ የሒሳብ መዝገብ ተበላሸ። «ከባክአፕ ይመለስ» ተባለ። ባክአፕ የለም። ከአምስቱ ሰርቨሮች አንዱም ከተዛወረበት ቀን ጀምሮ ባክአፕ ተደርጎ አያውቅም። የሒሳብ ሠራተኞቹ የሰባት ሳምንት ሥራ ከወረቀት ደረሰኝ እየገለበጡ እንደ አዲስ ማስገባት ጀመሩ። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ተጠርቷል፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ተረቅቋል የሚል ወሬ ደርሷታል።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሎጉን አስቀምጬዋለሁ» አለችኝ። «አንድም ቀይ የለም። ፌይልድ ዜሮ ነው የሚለው።»

«ላኪልኝ» አልኳት።

ላከች። እውነቷን ነው፣ አንድም ቀይ የለም። ግን ከመሃል አንድ ሰማያዊ መስመር ነበረች፦ የባክአፕ ቫሪያብሎችን የምትጭነዋ ታስክ ተዘልላለች። ሮሉን አብረን ከፈትን። ፋይሉ የሚመረጠው በስርጭቱ ስም ነው። ሴንትኦኤስ የሚባል ፋይል አለ፣ ኡቡንቱ የሚባል አለ። ሮኪ የሚባል የለም። ይህ ብቻውን ቢሆን አንሲብል ቀይ አድርጎ ይጮኽ ነበር። ግን «መጀመሪያ የተገኘውን አምጣ» በሚለው መስመር ሥር «ካልተገኘ ዝለለው» የሚል ተጨምሯል። የሮሉ ዲፎልት ላይ ደግሞ ባክአፕ የሚደረጉት ፎልደሮች ዝርዝር ባዶ ነው። ስለዚህ ፋይሉ አልተገኘም፣ ተዘለለ፤ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ቀረ፤ ባዶ ዝርዝር ላይ የሚሽከረከር ታስክ ደግሞ የሚሠራው የለውም። ሁሉም ደንቡን ጠብቆ ምንም አልሠራም። ዓይነቱ ከጾምም ከፍስክም ያልገጠመ እንግዳ ትሪ ሳይቀርብለት ተቀምጦ ዋለ፤ አስተናጋጁም «ሁሉም በልቷል» ብሎ ሪፖርት አደረገ።

«ዝለለው» የምትለዋን መስመር ማን ጻፋት? ጊት ውስጥ ይህንን የሚያሳየው ትእዛዝ ብሌም ይባላል፤ ትርጉሙ ራሱ ውቀሳ ነው። የዚያን ማታ ግን ውቀሳውን አነሣላት። መስመሯ የተጻፈችው በ2020 መጀመሪያ ነው፤ እሷ እዚያ ቤት ከመቀጠሯ በፊት። የጻፋት ሰውም ክፉ አልነበረም። ያኔ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁለት ዓይነት ሊኑክሶች ብቻ ናቸው፤ ሮኪ የሚባለው እንኳ ገና አልተወለደም፣ የመጀመሪያው ስሪቱ የወጣው በ2021 ነው። ባክአፕ የማያስፈልጋቸውን የሙከራ ማሽኖች ለማለፍ ብሎ አንድ ቃል ጨመረ። ያቺ ቃል አራት ዓመት ዝም ብላ ጠበቀች።

ሰኞ ሦስት ገጽ ይዛ ገባች፦ ሎጉን፣ የመስመሩን ታሪክ፣ እና ያረመችውን። ደብዳቤው አልወጣም። ይቅርታ ያላት ሰው ግን የለም። የሒሳብ ሠራተኞቹም ደረሰኝ መገልበጡን አልተረፉም።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። በኛ ሙያ አይሠራም። ቀይ መስመር ሲመጣ ትሰድቡታላችሁ፣ ግን ቀይ መስመር ወዳጃችሁ ነው፤ ችግሩን ከፊታችሁ አስቀምጦ «እዚህ ጋ ነኝ» ይላል። የሚያስፈራው የማይጮኸው ነው።

ስለዚህ ልጆች፣ የፋይል ስም በቫሪያብል ስትጠሩ እነዚህን ልማድ አድርጓቸው።

አንደኛ፣ ፋይሉን ከመጥራታችሁ በፊት ስሙን አትሙት። በዲበግ አንድ መስመር ናት። አንሲብል የሚፈልገውን ስም በዓይናችሁ እዩት፤ በጭንቅላታችሁ ያለውን ስም ሳይሆን።

ሁለተኛ፣ ሰርቨሩ ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ከራሱ አፍ ስሙ። ሴትአፕ የሚባለው ሞጁል ይነግራችኋል። የስርጭቱ ስምና የቤተሰቡ ስም ይለያያል፦ ሴንትኦኤስ፣ ሮኪ፣ አልማ ስርጭታቸው ሦስት ነው፣ ቤተሰባቸው ግን ሬድ ሃት ነው። ኡቡንቱ ቤተሰቡ ዴቢያን ነው።

ሦስተኛ፣ ምርጫውን ከጠባቡ ወደ ሰፊው ደርድሩት፦ መጀመሪያ ስርጭቱ ከነስሪት ቁጥሩ፣ ቀጥሎ ስርጭቱ ብቻ፣ ቀጥሎ ቤተሰቡ። የተማሪዬ ሮል ለሬድ ሃት ቤተሰብ አንድ ፋይል ቢኖረው ኖሮ ሮኪም በዚያው ይስተናገድ ነበር።

አራተኛ፣ ከድርድሩ መጨረሻ «ዝለለው» አይኑር። ምንም ካልተገኘ ይውደቅ። መዝለል የግድ ከሆነ የትኞቹ ማሽኖች እንደሚዘለሉ በስም ይጻፍ። ቫሪያብሉ ሲጠፋ ባዶ ጽሑፍ እንዲተካ ማድረግም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ስህተቱን አያድነውም፣ አፉን ያፍነዋል እንጂ።

አምስተኛ፣ ከጫናችሁ በኋላ በአሰርት አረጋግጡ፦ ዝርዝሩ ባዶ አይደለም? የፓኬጁ ስም አለ? ካልሆነ ቁም በሉት።

ስድስተኛ፣ ሁሉም ካቃታችሁ በአንድ ሰርቨር ብቻ፣ በሦስት «ቪ» አስኪዱት። ብዙ ያወራል፤ ታግሣችሁ አንብቡት።

ለአለቆች ደግሞ አንድ ነገር። የሆነ ነገር ሲወድቅ «መጨረሻ የነካው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። መጨረሻ የነካው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሌላው የቀበረውን የረገጠ ሰው ነው። «ይህ ነገር እስከ ዛሬ ለምን ዝም አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥፋቱንም ታገኛላችሁ፣ ጥሩ ሠራተኛም አታጡም። ባክአፕ ደግሞ አለ የሚባለው መልሳችሁ ስትከፍቱት ነው። ከወር አንድ ቀን አንድ ፋይል አውጥታችሁ መልሱ፤ ወጪው የአንድ ሰው ግማሽ ቀን ነው።

ዛሬ ወይም ነገ ሥራ ስትገቡ ፕሌይቡካችሁን ክፈቱና «ስኪፕ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። በእያንዳንዱ ላይ ቆማችሁ «አንተ እዚህ ለምን ተቀመጥክ?» በሉት። መልስ ከሌለው አንሡት። ያገኛችሁትን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ የመሥሪያ ቤት ስም ግን አትጥሩ። ሰላም ሁኑልኝ።